ረቂቅ ሥዕልን ፊት ለፊት ማየት፦ ስክሪን የማያደርሰው ነገር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሥዕል ማየት የለመድነው የተሳለውን በመለየት ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብተን ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋውን ስናይ ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን ለማወቅ ማንንም አንጠይቅም፤ በአንድ እግራቸው የቆሙትን ባለ ክንፍ አባት ስናይም አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው እንላለን። ሥዕሉ የምናውቀውን ታሪክ ያስታውሰናል፣ እኛም ታሪኩን ስለምናውቅ ሥዕሉን እናነበዋለን። ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ሆኖም ይህንኑ ልማድ ይዘን ወደ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስንገባና ረቂቅ (አብስትራክት) የሚባለው ዓይነት ሥዕል፣ ለምሳሌ ሁለት የቀለም መደቦች ብቻ ያሉበት ትልቅ ሸራ ፊት ስንቆም የምንይዘው የምንጨብጠው ይጠፋናል። «ይህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልስ ስናጣም ወይ እኛ አልገባንም ብለን እናፍራለን፣ ወይ ሠዓሊው አላገጠብን ብለን ተቆጥተን እንወጣለን።

እኔ እንደሚመስለኝ ከእነዚህ ሥዕሎች ጋር የተኳረፍነው በአብዛኛው ገና ሳናያቸው ነው፤ የምናውቃቸው ከስልክ፣ ከመጽሐፍ ወይም ከፖስተር ላይ ነውና። የአንድ ንጉሥ ምስል በስልክ ላይ ቢያንስም ዘውዱና ፊቱ ስለሚለዩ ንጉሥነቱ አይጠፋም። ረቂቅ ሥዕል ግን የሚለይ ፊት የለውም፤ የተሠራው ከስፋት፣ ከቀለም ጥልቀት፣ ከሸራው ሸካራነትና ልስላሴ፣ ሰውም ፊቱ ቆሞ ከሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ፎቶግራፍ አስቀድሞ የሚያጠፋው ደግሞ እነዚህኑ አራት ነገሮች ስለሆነ፣ በስልክ ላይ ያየነው ሥዕሉን ሳይሆን የሥዕሉን መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከ1910 ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ካንዲንስኪ፣ ማሌቪችና ሞንድሪያን የተባሉ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች በየፊናቸው ሰውን፣ ዛፍንና ቤትን ከሸራው ላይ እያስወጡ ቀለምና ቅርጽ ለብቻቸው እንዲቆሙ አደረጉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኒው ዮርክ የተሰባሰቡት ሠዓሊዎች ደግሞ ሸራውን ከሰው ቁመት አስበልጠው አሰፉት። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን እነዚህ የኋለኞቹ ናቸው፤ በአካል ማየትን የሥራቸው መሠረት ያደረጉት እነርሱ ናቸውና። ዓላማቸውም የተደበቀ መልእክት ማስተላለፍ አልነበረም። ዋሽንት ሲነፋ የሰማ ሰው ዜማው እንዴት እንደነካው ይናገራል እንጂ «ትርጉሙን ንገሩኝ» አይልም፤ እነዚህም ሠዓሊዎች ከዓይን የጠበቁት ይህንኑ ነበር።

ከስፋቱ እንጀምር። ከእነዚህ የኒው ዮርክ ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው ባርኔት ኒውማን በ1951 በኒው ዮርክ ቤቲ ፓርሰንስ ጋለሪ ባቀረበው ኤግዚቢሽን ግድግዳ ላይ አንዲት ማሳሰቢያ ለጥፎ ነበር። ይዘቷም፣ ሰው ትልልቅ ሥዕሎችን ከሩቅ የማየት ዝንባሌ እንዳለው፣ በዚህ ኤግዚቢሽን ያሉት ትልልቅ ሥዕሎች ግን ከቅርብ እንዲታዩ የታሰቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። ምክንያቱ ከዓይናችን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ዓይናችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ የሚያገኘው በስሱ ነው። አምስት ሜትር ከአርባ ገደማ ስፋት ያለውን የኒውማንን ቀይ ሸራ ከሩቅ ስናየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ነው፤ ጠርዙ ይታየናል፣ መጨረሻው ይታወቃል። አንድ ሜትር ያህል ተጠግተን ስንቆም ግን በግራም በቀኝም ጠርዙ ከእይታችን ይወጣል። ያን ጊዜ ቀዩ ፊት ለፊታችን ያለ ነገር መሆኑ ይቀርና የቆምንበት ቦታ ይሆናል። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ትንፋሹ ሲለወጥ፣ አንዳንዱም ሚዛኑ ሲዋዥቅ ይሰማዋል። ስልክ ይዞ ይህን ማግኘት አይቻልም፤ ስክሪኑን ምንም ብናስጠጋው የእጃችን መዳፍ፣ ጠረጴዛውና ክፍሉ ከጎኑ ይታዩናልና።

ቀለሙ ደግሞ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ለዚህም ከዋሽንግተን ዲሲው የፊሊፕስ ስብስብ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዱፖንት ሰርክል አካባቢ የሚገኘው ይህ ሙዚየም በ1921 የተከፈተ ሲሆን፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተብሎ ይጠራል። በ1960 ለማርክ ሮትኮ ሥራዎች ብቻ የተለየች አንዲት ትንሽ ክፍል ተዘጋጀች። በአራቱ ግድግዳዎች ላይ አራት ሸራዎች አሉ፤ በመካከል አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ተቀምጧል። ወንበሩ እንዲህ ብቻውን እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ክፍሉን የጎበኘው ሮትኮ ራሱ ነው። ሮትኮ በ1903 የዛሬዋ ላትቪያ ውስጥ ባለች ከተማ ተወልዶ በ10 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ሠዓሊ ነው። ሥዕሎቹ ዝቅ ብለው እንዲሰቀሉ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ እንዲል፣ ተመልካቹም ወደ ሸራው በጣም እንዲጠጋ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር።

ከአራቱ አንዱ በ1956 የተሠራው «አረንጓዴና ብርቱካናማ በቀይ ላይ» የተባለው ነው። ቁመቱ 237 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ የጠቆረ አረንጓዴ መደብ፣ ከታች ብርቱካናማ መደብ፣ ከሁለቱም በስተኋላ ቀይ አለ። በስልክ ላይ ይህ ሁሉ የሚታየው እንደ ሁለት ሬክታንግል ነው። እፊቱ ሲቆሙ ግን መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው መደቦቹ በሚያበቁበት ዳርቻ ላይ ነው፤ ዳርቻው በማስመሪያ የተቆረጠ አይደለም፤ ቀለሙ እየሳሳ ሄዶ ከስሩ ባለው ቀይ ውስጥ ይጠፋል። ሮትኮ ቀለሙን በጣም አቅጥኖ ደጋግሞ ይደራርብ ስለነበር፣ ብርሃን የላይኛውን ስስ ንብርብር አልፎ ከታችኛው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ቀለሙ ከውስጥ የሚበራ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስክሪን ይህን መድገም አይችልም፤ የስክሪን እያንዳንዷ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ቀላቅላ አንድ ጠፍጣፋ ቀለም ታወጣለች እንጂ ከቀለሙ ስር ሌላ ቀለም የላትም።

አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቃል፤ አንዱን ለረጅም ጊዜ ያየ ዓይን ወደ ሌላ ቦታ ዘወር ሲል የተቃራኒውን ቀለም ጥላ ያያል። ስለዚህ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያለ ሰው ዓይኑን ባንቀሳቀሰ ቁጥር መደቦቹ ሲቀርቡና ሲርቁ ይመለከታል። ሥዕሉ አልተነቃነቀም፤ እየሠራ ያለው ዓይን ነው። ብርሃኑ በጣም ሲደበዝዝ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ የዓይናችን የጨለማ ጊዜ ተቀባይ ሕዋሳት ለቀይ እጅግ ደካሞች፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ግን ንቁዎች ስለሆኑ፣ ቀዩ እየጠቆረ አረንጓዴው እየፈካ ይሄዳል። ሮትኮ ደብዛዛ ብርሃን መፈለጉ የሠዓሊ ቅብጠት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ጊዜን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ የሠዓሊው የአድ ራይንሃርት ጥቁር ሥዕሎች ናቸው። ራይንሃርት በ1960ዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱ ጎኑ 152 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሸራ እየወሰደ ደጋግሞ ጥቁር ሥዕል ሠራ። ከእነዚህ አንዱ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ሲያየው ጥቁር ካሬ ያያል፣ ምንም የለበትም ብሎም ያልፋል። ሳይሄድ የቆየ ሰው ግን ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ጥቁሩ አንድ እንዳልሆነ ይገነዘባል፤ አንዱ ጥቁር ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ቀስ በቀስም ዘጠኝ ካሬዎች ተለይተው በመካከላቸው የመስቀል ቅርጽ ይወጣል። ራይንሃርት ገጹ እንዳያብረቀርቅ ሲል ዘይቱን ከቀለሙ ያስወጣ ነበር፤ ስለዚህ ገጹ እንደ ጥቀርሻ ብርሃን ይውጣል፣ አንድ ጣት ቢነካውም አሻራው ይቀራል። በፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ፎቶ አንሺው ብርሃን ጨምሮ ልዩነቱን ቢያወጣው ደግሞ ያለ ምንም ጥበቃ ወዲያው ስለሚታይ ሥዕሉ የተሠራበት ምክንያት ይፈርሳል።

በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በታላላቅ ሥዕሎች ፊት ምን ያህል እንደሚቆዩ ለክቶ ነበር። መካከለኛው ጊዜ 17 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ታሪክ የሚናገር ሥዕልን ለመለየት 17 ሰከንድ ይበቃ ይሆናል፤ ለራይንሃርት ግን በ17 ሰከንድ ውስጥ ገና ምንም አልተጀመረም። እኔ የምለው፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ 60 ሥዕሎችን ከማየት ሦስቱን መርጦ በእያንዳንዳቸው ፊት አሥር አሥር ደቂቃ መቀመጥ ይሻላል፤ በዚህ ጉዳይ ከአስጎብኚዎች ጋር ሳይቀር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ገጹንም በቅርብ መመርመር ያስፈልጋል። በዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ያለው የጃክሰን ፖሎክ የ1950 ሥራ፣ በተለምዶ «ላቬንደር ሚስት» የሚባለው፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር ነው። ፖሎክ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ በዙሪያው እየተራመደ የቤት ቀለም ያንጠባጥብበትና ይረጭበት ነበር። ሦስት ሜትሩን በ15 ሴንቲ ሜትር ስክሪን ላይ ስናየው ሃያ እጥፍ ያንሳል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቀለም ክር ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ማለትም ይጠፋል። ከቅርብ ስናየው አንዱ ክር በሌላው ላይ ሲያልፍ፣ አንዱ ቦታ ቀለሙ ረግቶ ሲጨማደድ፣ ሌላው ቦታ ሸራው ጠጥቶት ሲደበዝዝ ይታያል፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለም በዓይን መከታተል ይቻላል። ከላይ ባሉት ሁለቱ ማዕዘኖች አጠገብ ደግሞ የሠዓሊው የራሱ የእጅ አሻራዎች አሉ። ስክሪን ላይ ከሴንቲ ሜትር አንሰው ሌላ ጠብታ የሚመስሉት እነዚህ አሻራዎች፣ ፊት ለፊት ሲታዩ ግን የሰው መዳፍ ናቸው፤ ተመልካቹ የራሱን እጅ በሐሳቡ ይለካባቸዋል። ሥዕሉ ላቬንደር ቢባልም ይህን ስም ያቀረበው ሐያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ ነው፤ ሐምራዊ የሚመስለው ድባብ የሚፈጠረው ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ግራጫ ሰማያዊውና ሮዝማው ከሩቅ በዓይናችን ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው። ስለዚህ ይህን ሥዕል ከአንድ ቦታ ቆሞ ማየት ግማሹን መተው ነው፤ ወደፊት መሄድና ወደ ኋላ መመለስ ይጠይቃል።

እዚሁ ጋለሪ ምሥራቃዊ ሕንፃ ውስጥ፣ ከ2016 እድሳት በኋላ ማማው ላይ ለሮትኮና ለኒውማን ሥራዎች ቦታ ተሰጥቷል። የኒውማን «የመስቀል መንገድ» ከ1958 እስከ 1966 የተሠሩ 14 ሸራዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ያህል ቁመት አላቸው። አይሁዳዊው ሠዓሊ ለሥራው የሰጠው ንዑስ ርእስ «ላማ ሰበቅታኒ» ነው። በስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ይህን ቃል ሲያነብ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ሸራዎቹ ላይ ግን ጌታም፣ መስቀልም፣ ጲላጦስም የሉም፤ ያለው ጥቁርና ነጭ ቀለም፣ ያልተቀባ ሸራና ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ መስመሮች ናቸው። ኒውማን ሊያቀርብ የፈለገው የመንገዱን ክንውኖች በየተራ መተረክን ሳይሆን «ለምን ተውኸኝ» የሚለውን መልስ የሌለውን ጥያቄ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ሸራ ቀኝ በኩል ያለው መስመር የተሠራው ቴፕ ተለጥፎ፣ በላዩ በደረቅ ብሩሽ ጥቁር ተቀብቶ፣ ቴፑ ሲነሳ ነው፤ በመካከል ንጹሑ ሸራ ቀርቷል፣ በግራና በቀኙ ግን የብሩሹ ጭረት ተበትኖ ይታያል። ተመልካቹ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ሲራመድ ጥቁሩ በመካከል ለነጩ ቦታ ይለቃል፣ በ12ኛውና በ13ኛው ላይ ከብዶ ይመለሳል፣ 14ኛው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ 14ቱን በአንድ እይታ ማየት ይቻላል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን በእግር ነው የሚታዩት፣ ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው።

ከእኛው ወገን ጁሊ ምሕረቱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ይህች ሠዓሊ፣ በፒትስበርግ ካርኔጊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም «ስታዲያ 2» የተባለ የ2004 ሥራ አላት። ከሩቅ ሲታይ ባለ ብዙ ቀለም አውሎ ነፋስ ይመስላል፤ ባንዲራና ሰንደቅ የሚመስሉ ቅርጾች ይሽከረከራሉ። ሲጠጉ ከቀለሞቹ ስር በቀጭን ቀለም የተሰመረ የስታዲየም ንድፍ ይገኛል፤ ምሕረቱ ንድፎቹን በመስታወት መሰል አክሪሊክ እየሸፈነች፣ ገጹንም እየሞረደች በላዩ ደግማ ትሠራለች። በፎቶግራፍ ላይ ንድፉም አውሎ ነፋሱም አንድ ገጽ ላይ የተጨማለቁ ሲመስሉ፣ በአካል ግን አንዱ ከሌላው በስተኋላ መሆኑ ይታወቃል።

እነዚህ ሥራዎች ቁሶች ስለሆኑ ያረጃሉም። ሮትኮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመመገቢያ ክፍል የሠራቸው ትልልቅ ሸራዎች በ1964 ተሰቀሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሊቶል ቀይ የተባለ ቀለም ግን የፀሐይ ብርሃን የማይችል ስለነበር ቀይማ ገጻቸው ገርጥቶ ከግድግዳው ወረዱ። በ2014 ባለሙያዎች ሸራውን በብሩሽ ሳይነኩ፣ የጎደለውን ቀለም በኮምፒዩተር ቀምረው በፕሮጀክተር ብርሃን በላዩ ላይ አሳረፉበት። በኤግዚቢሽኑ ወቅት በየቀኑ ከመዘጋቱ በፊት ብርሃኑ ይጠፋና ጎብኚው የገረጣውን እውነተኛ ሸራ ያይ ነበር። ጥበቃዎች «አትንኩ» ሲሉን የሚያስቡትም ይህንኑ ነው፤ ያልተቀባ ሸራ የጣት ወዝ ይጠጣል፣ ወዙም ከዓመታት በኋላ ጠቁሮ ይወጣል።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፣ ብሔራዊ ጋለሪው መግቢያ አያስከፍልም፤ ሙዚየሞች ግን ሥራዎችን ስለሚያፈራርቁ የሚፈልጉት ሥዕል መሰቀሉን ቀድሞ ማጣራት ይገባል። ቅዳሜና እሑድ ስለሚጨናነቅ የሥራ ቀን ጠዋት ይመረጣል። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ቢያነቡት እመክራለሁ፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ሥዕሉ ላይ የሚፈልገው የተጻፈውን ነው። በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ እስከሚፈቀደው መስመር ድረስ ተጠግቶ፣ ከዚያም ከጎን ሆኖ ብርሃኑ በገጹ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ ማየት ጥሩ ነው። ፎቶ ማንሳት ካስፈለገም ከማየት በኋላ ይሁን። ይህን ሁሉ አድርጎም አንዳንዱ ሥዕል ምንም ላይሰጥ ይችላል፤ ደካማ ረቂቅ ሥዕል እንደ ደካማ ግጥም ሞልቷልና። ነገር ግን «ደካማ ነው» ለማለት መብት የሚኖረን አሥሩን ደቂቃ ከሰጠነው በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ለመሞከር ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ጀርመን አገር ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ረቂቅ ሥዕልን ለአገራችን ተመልካች ያቀረበውን የሐረር ተወላጅ ሠዓሊና ገጣሚ ስም የያዘ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ በስደት አረፈ፤ ጀርመን አገር ተቀምጠው ከነበሩት ሥራዎቹም ወደዚሁ ማዕከል የተመለሱ አሉ። ብዙ ሰው እርሱን የሚያውቀው «ሀገሬ» በተባለው ግጥሙ ነው። ሥዕሎቹን ለማየት የሚሄድ ሰው ከላይ የተባለውን ሁሉ፣ መጠጋቱን፣ መራቁን፣ መቆየቱን፣ እዚያ ሊሞክረው ይችላል።